ላባ፣ መረብና ብርብራ

ለክረምት ዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚጓዙ አንዳንድ የማኅበራችን አባላት፣ በአል ሒዛም አል-አኽደር የምንኖር ጥቂት የሕክምና ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያችን የምናስራቸውን የላባ ማጥመጃዎች ይዘው ለመሄድ ጠይቀውናል። ጥያቄው ያስደስተናል። ሆኖም በጉዳዩ ላይ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ስለ ተነሡ አቋማችንን በግልጽ ማስቀመጥ ግድ ሆኗል። አንደኛው ወገን «ላባ ማሰር የፈረንጅ መዝናኛ ነው፤ ሰፊው ሕዝብ የሚፈልገው በገፍ የሚያወጣ መረብ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ላባው ጣናን ያድናል ብሎ ያምናል። በእኛ እምነት ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ከሥሩ አላዩትም።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው። ስትሪመር የሚባለው ትልቅ ማጥመጃ የሚመስለው ትንሽ ዓሣን እንጂ ዝንብን አይደለም። ከመንጠቆው ኋላ ረጃጅም የአውራ ዶሮ ላባ ይታሰራል፤ ወደ ፊት የፍየል ፀጉር እየተደረበ ይመጣል፤ ራሱ ዘንድ ፀጉሩ ወፈር ብሎ ይከረከማል። ወፍራሙ ራስ ውሃውን ሲገፋ፣ አዳኙ ዓሣ ንዝረቱን በጎኑ ባለው የስሜት መስመር ያውቀዋል። ብልኀቱ ማጥመጃው ትልቅ ሆኖ ሳለ ቀላል መሆኑ ላይ ነው፤ ውሃ የሚመጥ ነገር ከበዛበት እንደ ረጠበ ጋቢ ከብዶ አይወረወርም። ቋጠሮው ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቀዶ ሐኪም ድርብ ቋጠሮ በአጥማጆችም ዘንድ በዚሁ ስሙ ይታወቃል፤ መንጠቆውን ከዓሣው አፍ የሚያወጡበት መቆንጠጫም እኛ ደም ሥር የምንይዝበት ነው።

ፈረንጅ ጀመረው ቢባል አንከራከርም። ሮማዊው ኤልያን ከ1,800 ዓመታት ገደማ በፊት፣ መቄዶንያውያን ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ በመንጠቆ ላይ አስረው እንደሚያጠምዱ ጽፏል። ነገር ግን ዕቃው በየቤታችን የሚጣል ነው፤ ለዶሮ ወጥ የታረደው አውራ ዶሮ ላባና ያረጀ ጭራ ይበቃል።

በሳዑዲ ዓረቢያ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ስለሌለ የምንለማመደው በኾበር ባሕር ዳር ነው። ከነዐድ የሚሉት ዓሣ ክሩን እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ከማጥመጃው በላይ ቀጭን ሽቦ እናስገባለን። ክሩን በእጅ ሳብ ሳብ አድርጎ ቆም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ቆም ሲባል ነው። ያን ጊዜ ዘንጉን ሽቅብ ማንሣት ሳይሆን ክሩን በእጅ ጠበቅ አድርጎ መሳብ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ውሃቸው ጎድሎ በሚጠራበት በበጋ፣ በባሮና በኦሞ ለሚገኙት ለነብር ዓሣና ለናይል ፐርች ይሠራል።

በጣና ግን ትልቁ ላባ አይሠራም። በሐይቁ ውስጥ ላቤዮባርበስ ከሚባለው ወገን፣ አጥማጆች ነጭ ዓሣ ከሚሉት፣ ሳይንቲስቶች 15 ያህል ዝርያዎች ለይተዋል፤ ስምንቱ ዓሣ በሊታ ናቸው። በአናቶሚ የሚገርሙ ፍጥረቶች ናቸው። በመንጋጋቸው ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፤ ጨጓራም የላቸውም። ስለዚህ የሚውጡት ትንንሹን ነው፤ ለእነርሱ ከጣት የረዘመ ማጥመጃ መወርወር ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎችም ወንዞች ይወጣሉ። በሞተር ጀልባ የሚዘረጋው መረብ በጣና የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል በተደረገ ጥናት የነጭ ዓሣው ብዛት ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። «መረብ ይብዛ» የሚሉን ወገኖች ይህን እንዴት ያዩታል? በሐይቁ መካከል የሚጣል መረብን አንቃወምም። የምንቃወመው በወንዝ አፍ፣ እንቁላል የያዘችውን እናት የሚጠብቀውን መረብ ነው።

ከመረቡ የከፋው ብርብራ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ ሴሎች በኦክስጂን እንዳይጠቀሙ ያግዳል፤ ዓሣው አየር በሞላበት ውሃ ውስጥ ይታፈናል። በላብራቶሪ አይጦች ላይ የፓርኪንሰንን በሽታ የሚመስል ጉዳት ለማምጣት የሚያገለግለው ይኸው ነው። ብርብራ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ወንዝ ዳር ካልደረሰ ግን ወረቀት ነው። የሚያደርሰው ደግሞ የዚያው መንደር ሰው ሲሆን፣ እርሱም በከንቱ ዘብ እንዲቆም መጠየቅ ግፍ ነው። በበጋ በመንጠቆ ብቻ ከሚያጠምድ እንግዳ የሚሰበሰበው ክፍያ ለመንደሩ ቢሆን፣ ክረምት ወንዙን የሚጠብቅበት ምክንያት ይኖረዋል። ላባው ሊረዳ የሚችለው በዚህ መጠን ነው፤ ከዚህ በላይ ተስፋ ለሚያደርጉት ወገኖች የምንመልሰው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በሐምሌና በነሐሴ ለሚጓዙት የታሰረ ማጥመጃ አንሰጥም። ሊራባ የወጣን ዓሣ በላባ መያዝ በመረብ ከመያዝ በዓይነቱ አይለይም፤ ይዞ መልቀቁም የደከመችውን እናት ያጎሳቁላል። «ስስት ነው» ያሉን አሉ፤ ይበሉን። ለጥር ዕረፍት ተጓዦች ግን የፈለጉትን ያህል እናስራለን። ለክረምቱ ተጓዦች ባዶ መንጠቆ፣ ክርና የአስተሳሰሩን ሥዕል እንሰጣለን፤ ላባውን ለእንቁጣጣሽ ከሚታረደው ዶሮ ያገኙታል። ከአንገቱና ከጀርባው ይነቀል፤ ነጩና ገብስማው ይመረጣል።