የብሩ ቃጭልና የሕፃኑ ትኩሳት



በሸዋ ሮቢት አንዲት አያት የሰባት ወር የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው አገኘኋቸው። ሕፃኑ በአንገቱ የታሰረችለትን የብር ቃጭል ያኝካል፤ ገላው ግን እንደ እሳት ይፋጃል። «ጥርስ ሊያወጣ ነው ኡስታዝ፤ ብሩ ከዓይን ይጠብቀዋል» አሉኝ። ቶሎ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ለመንኳቸው፤ ወሰዱትም።

ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። በ17ኛውና በ18ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ባለጸጎች ለሕፃናት ቃጭሎች ያሉት የብር መጫወቻ ያሠሩ ነበር። ጫፉ ለድድ ማኘኪያ የሚሆን ቀይ መርጃን ነው፤ መርጃኑ ክፉ ዓይንን ይመልሳል ይሉ ነበር። በአገራችን ደግሞ አንጥረኞች እ.ኤ.አ. 1780 የሚል የታተመበትን ጠገራ ብር እያቀለጡ ጌጥ ሲሠሩ ኖረዋል። 28 ግራም ከሚመዝነው ጠገራ ከአምስት እጅ አራቱ በላይ ንጹሕ ብር ነው። የአያት ቅርስ ነውና ቢቀመጥ መልካም ነው።

ጠባቂው ግን አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለጥበቃ ተብሎ ነገር ማንጠልጠልን ከልክለዋል። ለሐሰንና ለሑሰይን በአላህ ቃላት ጥበቃን ይለምኑላቸው እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ብርና ሕፃን በሱና የሚገናኙት በሌላ መንገድ ነው፤ የተላጨው ጸጉሩ ተመዝኖ የክብደቱን ያህል ብር ለድኾች ይሰደቃል።

ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛው ወር ገደማ ይጀምራል። ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከተውም ያኔ ነው፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከጥርሱ ሳይሆን ከቆሻሻው ነው። ጥርስ ድድ ያሳክካል፣ ለሃጭ ያበዛል እንጂ ኃይለኛ ትኩሳት አያመጣም። እንደ ይፋት ባለ ቆላ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ልጅ ሲያተኩስ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ድድ ማስበጣትና የወተት ጥርስ ማስነቀልማ ለሌላ በሽታ በር መክፈት ነው። ቃጭልም ብትላቀቅ ጉሮሮ ታንቃለች። ለሚያሳክከው ድድ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።

የሕፃኑ ደም ሲመረመር ወባ ተገኘበት። መድኃኒቱን ወስዶ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ። አያቱ ቃጭሏን ፈትተው ከሳጥን አኖሯት። «ሲያገባ ለሚስቱ እሰጣታለሁ» አሉኝ እየሳቁ።

ወላጆች ሆይ! ዱዓም እናድርግ፤ ሰበቡንም እናድርስ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን!