በሳቢያን ውሃ ኦርኪድን ስለ ማሳደግ

በሳቢያን የሚኖር ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ያውቀዋል። ይህ ከጉድጓዱ ውሃ ጋር የሚወጣ ኖራ ነው። የሳቢያን ጉድጓዶች ለድሬዳዋ ከተማ ዋና የመጠጥ ውሃ ምንጭ ናቸውና ልናማርራቸው አይገባንም፤ ዳሩ ግን ኦርኪድ የተባለውን አበባ በቤቱ ለማሳደግ ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ የውሃውን ነገር ቢያስብበት ይበጀዋል።

ከአገራችን ኦርኪዶች ለቤት የምንመርጠው ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለውን ነው። ይህ ተክል ከ1500 ሜትር በላይ በሚገኝ ጫካ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል እንጂ የዛፉን ምግብ አይሻማም። ግንዱ አጭር፣ አበባው ነጭ ነው፤ ከአበባው ጀርባም እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ቀጭን የማር ቱቦ ይንጠለጠላል። ቀን ዝም ብሎ ይውልና ሲመሽ መዓዛውን ይለቃል፤ የሚጠራውም ንብን ሳይሆን ረጅም ምላስ ያለውን የእሳት ራት ነው። የድሬዳዋ ሰው በረንዳው ላይ የሚቀመጠው ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ ለእርሱ የተፈጠረ ይመስላል።

ሆኖም 1200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው የድሬዳዋ ሙቀት፣ ይልቁንም የግንቦትና የሰኔው፣ ይከብደዋል። ስለዚህ ነፋስ በሚመላለስበት ጥላ፣ ቢቻል ከሚያልበው የውሃ ጋን አጠገብ ይሰቀል። አፈር ውስጥ መቅበር መግደል ነው፤ በወይራ ጉማጅ ላይ በክር ማሰር ይበቃል። ተክሉንም ከቆመ ዛፍ መንቀልን አንፈቅድም፤ ከወደቀ ቅርንጫፍ ማንሳት ግን ማዳን ነው።

ሥሩ ስፖንጅ በመሰለ ሽፋን የተለበሰ ነው፤ ሲደርቅ ብርማ፣ ውሃ ሲጠጣ አረንጓዴ ይሆናል። የጉድጓድ ውሃ በየቀኑ ቢረጭበት ኖራው በዚህ ሽፋን ላይ እየተጋገረ ተክሉን ያዳክመዋል። መድኃኒቱ የዝናብ ውሃ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ አጥቦ ይሂድ፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ይጠራቀም። በቀን አንድ ብርጭቆ ቢሰጠው 20 ሊትር ጀሪካን ከሁለት ወር በላይ ያዘልቃል። ዝናብ ሲጠፋ የጉድጓዱን ውሃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ የዘቀጠውን ትቶ ከላዩ መቅዳት ኖራውን በከፊል ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናለን። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በድሬዳዋ የዴንጊ ትኩሳት ተነሥቶ ነበር፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝም የምትፈለፈለው በየቤቱ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። የጀሪካኑ ክዳን ይጥበቅ፤ የበርሜሉና የጋኑ አፍም ያለ ክዳን አይደር፤ ከተክሉ ሥር የሚቀመጥ ሳሕን ቢኖርም ውሃው በየቀኑ ይደፋ።