«አርፈህ ተቀመጥ» የሚሉት መድኃኒት

ነርቭን እያደር የሚያዳክም ሕመም ለያዘው ሰው ዘመድ አዝማድ መጀመሪያ የሚያዝለት መድኃኒት እረፍት ነው። ዘንቢሉን ይቀበሉታል፤ ደረጃ ሲወጣ ክንዱን ይይዙታል፤ ሩጫ ካነሣማ «ምን ጎድሎብህ!» ይሉታል። ፍቅር ነው። ግን ብዙ ጊዜ ይጎዳል።

ምክሩ ከሐኪም ቤትም ወጥቷል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው፣ የነርቭ ሽፋን የሚላጥበት ሕመም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ሲሠሩ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚጋረድ ጻፈ። ጥፋቱ በድካሙ ተላከከ። ኋላ ግን ጥፋተኛው ሙቀት ሆኖ ተገኘ፤ ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ እንኳ ከፍ ሲል መልእክት ማድረስ ያቅተዋል፣ ሰውነት ሲበርድ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ እስኪለይ ድረስ ስንቱ ከስፖርት ተከልክሎ ጡንቻው መነመነ!

ጥፋተኛው ሙቀት ከሆነ ደግሞ ካርቱም ላይ ነገሩ ይከብዳል። በግንቦት ቀትር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ጤነኛውም ቢሆን በዚያ ሰዓት ጥላ ፈልጎ ሻይ ከምትሸጠው ሴት አጠገብ በርጩማ ይስባል። እዚያ ሊሮጥ የሚያስብ ሕመምተኛ አስቀድሞ ማየት ያለበት ሰዓቱን ነው፤ ጎህ ሲቀድ፣ በዓባይ ዳር፣ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ይህን ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሕመሙ ግን ተኩስ አቁም አያውቅም።

ፓርኪንሰን ገና የታወቀባቸው 128 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። የልብ ምታቸው ከከፍተኛው 80 እስከ 85 በመቶ እስኪደርስ በመሮጫ ማሽን ላይ እንዲሠሩ የታዘዙት፣ ከስድስት ወር በኋላ የእንቅስቃሴ ችግራቸው እምብዛም አልጨመረም። እንደ ወትሮው የቀጠሉት ግን ባሰባቸው። ሩጫ ይፈውሳል ለማለት አያስደፍርም፤ «አርፈህ ተቀመጥ» የሚለውን ለማስተው ግን ይበቃል።

አዲስ አበባ ሕመምተኛን በማስሮጥ ረገድ ዕድለኛ ናት። አየሯ ቀዝቃዛ ነው፤ ራሳቸው ፓርኪንሰን ያለባቸው ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የሕሙማን ድጋፍ ድርጅትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ደግሞ በ10 ኪሎ ሜትሩ ከፊት ሻምፒዮን ይበርበታል፣ ከኋላ ሕዝቡ እየዘፈነ ይራመድበታል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እዚያ መሃል ቢገባ ማን ይታዘበዋል?

በእንግሊዝ በሞተር ኒውሮን ሕመም የተያዘውን የቀድሞ የራግቢ ተጫዋች ሮብ በሮውን እ.ኤ.አ. ግንቦት 2023 በሊድስ ማራቶን ጓደኛው ኬቨን ሲንፊልድ በጋሪ ሲገፋው ቆይቶ መጨረሻው ላይ ተሸክሞ አሻገረው። ምስሉ ዓለምን ዞረ። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ጣጣው ግን ከሕመምተኛ ሁሉ ጀግንነት ማስጠበቁ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ዱብ ዱብ ብሎ፣ ፎቶ ሳይነሣ ቤቱ መግባት የሚፈልግም አለ።

ከሩጫ አዘጋጆች የሚፈለገውም ብዙ አይደለም፤ ፀሐይ ሳይጠነክር መጀመር፣ በየመንገዱ ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ ማኖር፣ አጃቢ ያለ ክፍያ ማስገባት፣ ዘግይቶ የሚደርስ ሰው እያለ የመጨረሻውን መስመር አለማፍረስ።