ከኪንሻሳ በፊት የነበረው ግጥሚያ

የቦክስ ወዳጆች ስለ ቀደሙት ዘመናት ቡጢኞች የሚያወጉት ወግ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ተገቢ አይደለም። የዚህ ስፖርት ታሪክ በኢትዮጵያ ተጽፎ የሚገኘው ጥቂት ሲሆን፣ የሚበዛው ግጥሚያዎቹን በተከታተሉ ሰዎች ዘንድ በቃል የቆየ ነው፤ ስለዚህ ወጉ ምስክርነት ነው፣ እንደ ማንኛውም ምስክርነትም ሊከበርም ሊመረመርም ይገባዋል። በሐዋሳ፣ በፍቅር ሐይቅ ዳርቻም ሆነ በፒያሳ ቡና ቤቶች፣ በዕድሜ የገፉ የስፖርቱ አፍቃሪዎች ሲገናኙ የሚነሡት ስሞች የታወቁ ናቸው፦ መሐመድ አሊ፣ ጆ ፍሬዘር፣ ጆርጅ ፎርማን፣ ከእነርሱም በኋላ ማይክ ታይሰን። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ስሞቹ አይገባቸውም ብሎ አይደለም፤ ከእነዚህ ሁሉ በፊት በኢትዮጵያ ጉዳይ ስሜት የተካሄደ አንድ ታላቅ ግጥሚያ ከወጉ መቅረቱ፣ የአገር ውስጥ ቡጢኞችም በዚያው ወግ ጥግ መያዛቸው ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው ብሎ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት፣ ቦክስ ወደ ተመልካቹ የደረሰበትን መንገድ ማስተዋል ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ሥራውን ሲጀምር ሥርጭቱ በአዲስ አበባ የተወሰነ ስለነበር፣ እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች የሚኖር ሰው የዓለምን ቦክስ ያወቀው በመጀመሪያ በሬዲዮ ዜናና በጋዜጣ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ በቪዲዮ ቤት ነበር። ቪዲዮ ቤት ማለት ጥቂት ሳንቲም እየተከፈለ ካሴት የሚታይበት ክፍል ሲሆን፣ ለአንድ ትውልድ ወጣቶች ሲኒማም ስታዲየምም ሆኖ አገልግሏል። ሆኖም ካሴት የዘመንን ቅደም ተከተል አይጠብቅም፤ አሊ በ1967 ያደረገው ግጥሚያና ታይሰን በ1980 ያደረገው በአንድ ምሽት፣ በአንድ ማያ፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ይታዩ ነበር። በመካከላቸው ያለው የ13 ዓመት ርቀት በዚህ ምክንያት ተሰርዞ ሁለቱ ሰዎች የአንድ ዘመን ተፎካካሪዎች መሰሉ፤ «አሊና ታይሰን ቢገጥሙ ማን ያሸንፍ ነበር?» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ያልበረደውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

ክርክሩ ራሱ መልስ የሚገኝለት አይደለም። ታይሰን ኅዳር 13 ቀን 1979 ትሬቨር በርቢክን በ2ኛው ዙር ሲያሸንፍ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር፣ በዚህም በከባድ ሚዛን ታሪክ ከሁሉ በዕድሜ ያነሰ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሰኔ 20 ቀን 1980 ደግሞ ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ዘረረ። ይህን ያየ ሰው ቢደነቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን የካቲት 4 ቀን 1982 በቶኪዮ፣ ማንም ብዙ ያልጠበቀው በስተር ዳግላስ ያን የማይደፈር ሰው በ10ኛው ዙር መሬት ላይ አስተኝቶታል። ቡጢኛ በጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱ በማይሠራበት ሰዓት በሚያደርገው ነገር ይመዘናል ቢባል፣ በዚህ መለኪያ የአሊ ብልጫ የሚያጠራጥር አይደለም።

ለዚህ ማስረጃው የኪንሻሳው ግጥሚያ ነው። አሊና ፎርማን የተገናኙት ጥቅምት 20 ቀን 1967 ሲሆን፣ ግጥሚያው አስቀድሞ ተቆርጦለት የነበረው ቀን መስከረም 15 ነበር፤ ፎርማን በልምምድ ላይ ቅንድቡ ስለተሰነጠቀ ተራዘመ። ቀኖቹ ለኢትዮጵያውያን ሌላ ትርጉም አላቸው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 በመሆኑ፣ ያ የቡጢ ዜና የደረሰው የአገሪቱ ሥርዓት እየተናጠ ባለበት ወቅት ነበር። ውድድሩ ለአሜሪካ ተመልካች እንዲመች በኪንሻሳ ሌሊት ስለተደረገ፣ ሲጀመር በኢትዮጵያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ፎርማን የ25 ዓመት ወጣት፣ 40 ጊዜ ገጥሞ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈ ነበር፤ አሊ ደግሞ 32 ዓመቱን ይዟል። አሊ የመረጠው ስልት ጀርባውን ለመድረኩ ገመድ ሰጥቶ፣ ፊቱንና ጎኑን በክንዶቹ ሸፍኖ፣ የሚወርድበትን የቡጢ ናዳ ገመዱ እየተለጠጠ ኃይሉን እንዲያበርድለት መተው ነበር። ሲያዩት ሽንፈትን የተቀበለ የሚያስመስል ይህ ስልት ፎርማንን አደከመው፣ በ8ኛው ዙር መጨረሻም አሊ በዝረራ አሸነፈው። ዝረራ የሚባለው የወደቀው ተጋጣሚ ዳኛው እስከ 10 ቆጥሮ እስኪጨርስ ሳይነሣ ሲቀር ነው።

ኪንሻሳን ያነሣ ሰው አፍሪካዊ ኩራትን ያነሣል፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን ከዚያ 40 ዓመት ቀደም ብሎ የቡጢ መድረክ የኢትዮጵያን ስም ተሸክሞ ነበር።

ኅዳር 26 ቀን 1927 በወልወል የኢትዮጵያና የኢጣልያ ወታደሮች ከተጋጩ ወዲህ፣ ሙሶሊኒ ለወረራ መዘጋጀቱ በዓለም ፊት ግልጽ ሆኖ ነበር። በዚሁ ወቅት በአሜሪካ ጆ ሉዊስ የሚባል የ21 ዓመት ጥቁር ቡጢኛ ስሙ እየገነነ መጥቶ፣ ከቀድሞው የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከኢጣልያዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር እንዲገጥም ተወሰነ። ካርኔራ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ፣ ክብደቱ 118 ኪሎ ገደማ የሆነ ግዙፍ ሰው ሲሆን፣ የፋሽስቱ መንግሥት የኢጣልያን ብርታት ማሳያ አድርጎ ያቀርበው ነበር፤ ሉዊስ በአንጻሩ 89 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦችና አንባቢዎቻቸው በሁለቱ ሰዎች ፊት ሁለት አገሮችን አዩ፤ ትልቁ ኢጣልያ፣ ትንሹ ኢትዮጵያ ሆኑ።

ግጥሚያው ሰኔ 18 ቀን 1927 በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ተካሄደ። ከ60,000 በላይ ሰው ተገኘ፤ በጥቁሮችና በኢጣልያ ተወላጆች መካከል ጠብ ይነሣል ተብሎ ስለተፈራም ከ1,000 የሚበልጥ ፖሊስ ተሰማርቶ፣ የመድረኩ አስተዋዋቂ ሕዝቡ ዘርንና ፖለቲካን ትቶ ስፖርቱን ብቻ እንዲመለከት እስከ መለመን ደረሰ። ሉዊስ አልቸኮለም። ረጅሙን ሰው ከአካሉ እየጀመረ፣ ክንዱ ዝቅ ሲል ወደ አገጩ እየወጣ ደበደበው፤ በ6ኛው ዙር 3 ጊዜ መሬት ላይ ከጣለው በኋላ ዳኛው ጨዋታውን አቆመ። ዳኛው ቡጢኛው ራሱን መከላከል አለመቻሉን አይቶ፣ እስከ 10 ሳይቆጥር ጨዋታውን ሲያስቆም የሚመዘገበው ውጤት የቴክኒክ ዝረራ ይባላል። በዚያ ሌሊት የጥቁሮች ሰፈር በሆነው በሃርለም የፈሰሰው ደስታ በአንድ ቡጢኛ ድል ብቻ የሚብራራ አልነበረም።

ከዚያ ምሽት ልክ በ100ኛው ቀን፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። የሉዊስ ቡጢ አንድም አውሮፕላን አላስቀረም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከስፖርት መጠበቅም አይገባም። ያደረገው ነገር ሌላ ነው፦ ከአዲስ አበባ እጅግ ርቀው የሚኖሩ፣ የኢትዮጵያን መሬት አይተው የማያውቁ ሠራተኞችና ቤት ጠራጊዎች የዚችን አገር ዕጣ የራሳቸው አድርገው እንዲናገሩበት ምክንያት ሆነ። ጥቁር አሜሪካዊው አውሮፕላን አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ከወረራው ቀደም ብሎ መጥቶ ከኢትዮጵያ ጎን መሰለፉ፣ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ በ1946 ሕይወቱ በአዲስ አበባ እስካለፈ ድረስ ማገልገሉ የዚሁ ስሜት ፍሬ ነው። የሉዊስ ቀጣይ ጉዞ እንኳን ከኢትዮጵያ ሐዘን ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 በጠላት እጅ ከወደቀች ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ሰኔ 12፣ ሉዊስ በጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ተዘረረ። በሰኔ 1929 የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ ሰኔ 15 ቀን 1930 ሽሜሊንግን እንደገና ሲገጥመው ግን በመጀመሪያው ዙር፣ በ124 ሰከንድ ጨረሰው።

ይህ ሁሉ በሐዋሳ ወግ ውስጥ አለመግባቱ የተመልካቹ ጥፋት አይደለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952፣ የሉዊስና የካርኔራ ግጥሚያ ከተደረገ ከ25 ዓመት በኋላ ነው፤ ካሴቱም ቪዲዮ ቤት አልደረሰም። ነገር ግን ስለ ዓድዋና ስለ ማይጨው በእሳት የሚከራከር ሕዝብ፣ በሌላ ክፍለ ዓለም በእርሱ ስም የተጨበጠውን ጡጫ ሳያውቅ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው፤ ከኪንሻሳ ጋር አብሮ፣ እንዲያውም ከእርሱ ቀድሞ ሊወሳ ይገባዋል።

በአፍቃሪዎቹ ወግ ደጋግሞ የሚሰማ ሌላ አስተያየት የድሮው ቦክስ ይሻል ነበር፣ ሻምፒዮናው ከ15 ዙር ወደ 12 ሲቀነስ ስፖርቱ ለዛውን አጣ የሚል ነው። ዙር 3 ደቂቃ የሚቆይ የግጥሚያ ክፍል ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ 3 ዙሮች ጽናት የሚፈተንባቸው እንደነበሩ አይካድም። ጋናዊው አዙማ ኔልሰን ሐምሌ 14 ቀን 1974 ከሜክሲኮው ሳልቫዶር ሳንቼስ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ገጥሞ እስከ 15ኛው ዙር ተዋግቶ ቢሸነፍም፣ ዓለም ያወቀው በዚያ ሽንፈቱ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆኗል። ቢሆንም ዙሮቹ የተቀነሱበት ምክንያት መዘንጋት የለበትም። ኅዳር 4 ቀን 1975 ደቡብ ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ከሬይ ማንቺኒ ጋር ሲገጥም በ14ኛው ዙር ተዘርሮ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ፤ በዓለም የቦክስ ምክር ቤት ጀማሪነትም ግጥሚያዎቹ ወደ 12 ዙር ወረዱ። አሊ ራሱ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዕድሜውን የጨረሰው እጁን በሚያንቀጠቅጥ፣ አንደበቱን በሚያስር ሕመም ነው። የ15ኛውን ዙር ውበት የሚያደንቅ ሰው የተከፈለውን ዋጋም አብሮ ማስላት አለበት፤ ከዚህ አንጻር ለውጡ ትክክል ነበር።

ወደ አገር ውስጥ ሲመጣ ወጉ ይቀዘቅዛል። ኢትዮጵያ በ1957 በቶኪዮ፣ በ1961 በሜክሲኮ፣ በ1964 በሙኒክ ኦሊምፒክ ቡጢኞችን አሰልፋለች፤ ሆኖም በቶኪዮ አበበ ቢቂላ፣ በሜክሲኮ ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ ሲያመጡ የሕዝቡ ዓይንና ጆሮ ወደ ሩጫው ሄደ፣ እስከ ዛሬም የአገሪቱ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በሙሉ የአትሌቲክስ ነው። ከዚያ በላይ የጎዳው ግን ከውድድር መቅረት ነበር። በ1968 በሞንትሪያል የአፍሪካ አገሮች፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛዋን ደቡብ አፍሪካ በመጎብኘቱ፣ ጨዋታውን ረግጠው ሲወጡ ኢትዮጵያ አብራ ወጣች፤ ይህ ለክብር የተከፈለ ዋጋ ስለነበር የሚጸጸቱበት አይደለም። በ1976 ከሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ከሴኡል መቅረቷ ግን የራሷ ያልሆነ የጎራ ፖለቲካ ውጤት ነው። በ1972 በሞስኮ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ቡጢኛ፣ አገሩ በ1984 ወደ ባርሴሎና ስትመለስ 32 ዓመት ሞልቶታል፤ የቡጢኛ ዕድሜ ደግሞ ይህን ያህል አይጠብቅም።

ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችን ማየት ጉዳቱን ያጎላዋል። የኬንያው ፊሊፕ ዋሩዪንጌ በሜክሲኮ ነሐስ፣ በሙኒክ ብር አግኝቷል፤ የኡጋንዳው ጆን ሙጋቢ በሞስኮ ብር ወስዷል። ኬንያ እንደ ኢትዮጵያ ከሞንትሪያል የቀረች፣ በዚያ ላይ ሞስኮንም የተወች ብትሆንም፣ ወደ ሎስ አንጀለስና ወደ ሴኡል በመሄዷ ሮበርት ዋንጊላ በሴኡል ፍጻሜ ፈረንሳዊውን ሎረን ቡዱዋኒን በ2ኛው ዙር ዘርሮ ወርቅ አጥልቋል። ኢትዮጵያውያን ቡጢኞች በዚያ መድረክ ምን ያደርጉ እንደነበር መገመት ከንቱ ነው፤ የመሞከር ዕድሉን ማጣታቸው ግን እውነት ነው።

የኦሊምፒክ መዝገብ የቡጢኛውን ስም፣ ሚዛኑንና ውጤቱን ይይዛል፤ እንዴት እንደ ተዋጋ፣ ግራውን እንዴት እንደሚያስቀድም፣ ሲመታ ወደ ኋላ ይል ወይም ይገፋ እንደነበር ግን አይናገርም። በመከላከያውና በፖሊስ ክለቦች፣ በመቻልና በኦሜድላ፣ በማረሚያ ቤቶችም መካከል ስለተደረጉት ግጥሚያዎች ደግሞ ብዙ የሚያውቁት ተመልካቾቹ ናቸው። እንደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ያለ የስፖርት ሳይንስ የሚያስተምር ተቋም ተማሪዎቹን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ ቢያሰማራ፣ ጥያቄው «ማን ይበልጥ ነበር?» መሆን የለበትም፤ ግጥሚያው በየትኛው አዳራሽ፣ በየትኛው ዓመት፣ በስንት ኪሎ፣ በስንት ዙር እንደ ተደረገ፣ ማን እንደ ዳኘው፣ ውጤቱ በነጥብ ይሁን በዝረራ እየተጠየቀ ቢመዘገብ፣ የአንዱ ሰው ትዝታ በሌላው ሊመሳከር ይችላል። መጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸውም ከጦር ሠራዊቱና ከፖሊስ በጡረታ ወጥተው በሐዋሳ፣ በሻሸመኔ፣ በይርጋለምና በዲላ የሚኖሩት፣ ጓንት ያጠለቁም የጓደኛቸውን ጓንት ያሰሩም አረጋውያን ናቸው።