ረቂቃችንን ለማን እናሳይ?

ከመካከላችን መጽሐፍ ለማዘጋጀት የሚደክሙ አሉ። አንዱ የትውልድ ቀዬውን ታሪክ ከሽማግሌዎች እየጠየቀ ይጽፋል፤ ሌላዋ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን የጤና አጠባበቅ መጽሐፍ ታሰናዳለች። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ረቂቁ ሲያልቅ የሚታየው ለማን ነው? ለመኝታ ክፍል ጓደኛ! እሱም ሁለት ገጽ ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ግሩም ነው፣ በርታ!» ይላል፤ በቃ። በእኛ እምነት ይህ ማበረታቻ እንጂ ሂስ አይደለም።

ልብ ወለድ ቢሆን ፈጠራ ነው ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። እውነት ነገር ይዣለሁ የሚል መጽሐፍ ግን ኃላፊነቱ ሌላ ነው። የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት ከመጽሐፉ ወደ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ተማሪው ደብተር ይገለበጣል። ከዚያ ወዲያ ማን ያርመዋል? የነገሩን ሽማግሌ ካለፉ ደግሞ ተመልሶ የሚጠየቅም የለም።

ሊቃውንቶቻችን ሥራን ለሌላ ዓይን ማሳየትን አልናቁም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ብዙ ደክመውበት በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር። አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ከመምህራቸው ተረክበው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ሊቃውንት! እኛስ ለብቻችን ምን ያስቸኩለናል?

ስለዚህ ረቂቅ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰው ሊያየው ይገባል እንላለን። አንደኛ፣ ትምህርቱን የሚያውቅ ባለሙያ፤ እሱ ፍሬ ነገሩን ይመረምራል። ሁለተኛ፣ አርታኢ፤ እሱ የምዕራፎቹን ቅደም ተከተልና የቋንቋውን አካሄድ ያያል። ሦስተኛ፣ መጽሐፉ የተጻፈለት አንባቢ ራሱ፤ ለአምስተኛ ክፍል ከተጻፈ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያንብበው። የፊደልና የነጥብ እርማት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

አጠያየቅም ሙያ ነው። «እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ «ደህና ነው» የሚል መልስ ያመጣል። ይልቅ «ምዕራፍ ሁለት ላይ ያለው ማስረጃ ይበቃል ወይ? የቱ ጋ ሰለቸዎት?» ብለን እንጠይቅ። ገጹ ቁጥር ይኑረው፤ ኅዳጉ ሰፋ ይበል። ሂሱ ሲመጣ ደግሞ ክርክር አንግጠም። ፍሬ ነገር ላይ የተነገረውን ከምንጩ እናመሳክር፤ ሁለት ሰው ያልገባውን ዓረፍተ ነገር ደግመን እንጻፍ፤ የአንድ ሰው ምርጫ ብቻ የሆነውን ግን መዝነን እንለፈው።

«ሐሳቤን ቢወስዱብኝስ?» የሚሉ አይጠፉም። ቅጂ ማስቀረትና የተረከበውን ሰው በቀን ማስፈረም ምን ይከብዳል? «ለአርታኢ የምንከፍለው የለንም» ለሚሉትም ቤታችን ውስጥ የታሪክ፣ የሳይንስና የቋንቋ መምህራን አሉልን።

መምህራኖቻችንንም እንጠይቃለን፦ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ረቂቅ የሚያይ አንድ መምህር ይመድብልን፤ የመመለሻውም ቀን ይወሰን። መሳቢያ ውስጥ ከርሞ የሚመለስ ረቂቅ ጸሐፊውን ያቀዘቅዛልና። ስታርሙንም አትራሩልን።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል። የራስን ጽሑፍ በራስ መመዘንም እንደዚያው ነው። ሚዛኑን ለሌላ ሰው እንስጥ።