ሥራ ሲታጣ ለቤተሰብ የሚተርፈው ዕዳ

አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ተጠቃሚነት ከሰረዘች በኋላ፣ ምርታቸውን ለዚያ ገበያ ሲያቀርቡ ከነበሩ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎች በርካታ ሠራተኞች ተሰናብተዋል። ጉዳቱ ግን ደመወዝ በቆመበት ወር የሚያበቃ አይደለም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን፣ ለተከታዮቹ ዓመታት ለእያንዳንዳቸው የዚህን ሲሶ፣ በተጨማሪም የ60 ቀን ደመወዝ ይከፈለዋል። በዚህ ስሌት ሦስት ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ የምታገኘው የ110 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም አራት ወር የማይሞላ ክፍያ ነው። በአገሪቱ የሥራ አጥነት መድን ስለሌለ ቀሪው ሸክም በቤተሰብ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የዕቁብ ዕጣ አስቀድሞ የደረሳት ሠራተኛ መዋጮውን እስከ መጨረሻው መክፈል ይጠበቅባታል። ለገጠር ወላጆች ይላክ የነበረው ገንዘብ ሲቋረጥ ደግሞ የማዳበሪያ መግዣና የታናናሾች የትምህርት ወጪ ይጎድላል። ይህን ለመሸፈን ከብት የሸጠ ቤተሰብ፣ ልጅቱ ሥራ ብታገኝም የሸጠውን ለመተካት ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል።

አዲስ ሥራ መገኘቱም ሁሉን አይመልስም። በአዲሱ ድርጅት አገልግሎት ከአንድ ስለሚቆጠር የስንብት ክፍያ መብቱም እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ያለሥራ ላለፉት ወራትም ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት የጡረታ መዋጮ አይገባም። በመሆኑም የማገገም መለኪያው ስንት ሰው ዳግም ተቀጠረ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ በመካከሉ የተሸጠው ጥሪትና የተከማቸው ዕዳ ጭምር ሊሆን ይገባል።