ያረጀ ሳቅ ሲታደስ

በጉለሌ ባንድ ዕድር ላይ ተቀምጠን ሳለን ስለ ልጆች ጨዋታ ክርክር ተነሣ። ምክንያቱም የጎረቤት ሕፃናት ቶምና ጄሪ የሚባለውን የድመትና የአይጥ ሥዕል በቴሌቪዥን እያዩ ሲስቁ ድምፃቸው እስከ እኛ ይሰማ ነበርና ነው። አንድ ሽማግሌ «ዱላ የሚያስተምር ነውና ይዘጋ» አሉ። አንድ ጐልማሳ ደግሞ «የልጅ ጨዋታ ነው፤ ምን ያስጨንቃል» አለ። እኔ ግን ሁለቱም ከነገሩ ሥር አልደረሱም እላለሁ። መመርመር የሚገባው ሳቁ በማን ላይ እንደ ሆነ ነው እንጂ ዱላው አይደለም።

ይህ ሥዕል የቈየ ነው። ሐናና ባርቤራ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1940 ዓ.ም. ጀምረው እስከ 1958 ድረስ 114 አጫጭር ፊልሞች ሠሩ፤ ከነዚህም 7ቱ የኦስካርን ሽልማት አገኙ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች እየተቀባበሉ አድሰውታል፤ በ2014 ለቴሌቪዥን፥ በ2021 ደግሞ ለሲኒማ እንደ ገና ተሠራ።

የጥንቱ ሥዕል ኃይል ዝምታው ነበረ። ነገሩን ሁሉ ሙዚቃውና እንቅስቃሴው ስለሚናገሩት፥ እንግሊዝኛ የማያውቅ የጉለሌ ሕፃን ከኒው ዮርክ ሕፃን ጋራ እኩል ይስቃል። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» የሚለው ተረታችንም በዚያ ተገልብጦ ይታያል፤ አይጡ አሽትቶ ይድናልና። ትልቁ በትንሹ ብልሃት ሲሸነፍ ማየት የተገፋን ሁሉ ደስ ያሰኛል።

ነገር ግን በዚያው ሥዕል ውስጥ ነውር ነበረበት። የቤቱ ሠራተኛ የሆነች አንዲት ጥቁር ሴት አለች፤ እግሯና ሽርጧ ይታያል፥ ፊቷ ግን ከቅጽበት በቀር አይታይም፤ አነጋገሯም ለመሳለቂያ የተሠራ ነው። ድመቱ ፊት አለው፤ አይጡም ፊት አለው፤ ሴቲቱ ግን ፊት ተነፈገች። ኋላም በ1960ዎቹ ለቴሌቪዥን ሲያዘጋጁት ባንዳንዶቹ ፊልሞች ላይ እርሷን አጥፍተው በምትኳ ነጭ ሴት ሣሉ። ይህም ከቤት ማስወጣት ነው እንጂ ፊት መስጠት አይደለም።

የ2021ዱ ፊልም ይህን ስድብ ትቷል። ዳሩ ግን የሆቴልና የሠርግ ታሪክ ጨምሮ ሕያዋን ተዋንያንን ስላስገባ ወሬ በዛበት፤ ድመቱና አይጡም በገዛ ቤታቸው እንግዶች ሆኑ። ስለዚህ ማደስ በራሱ መልካምም ክፉም አይደለም፤ እንደ ወንፊት ነው፤ የሚመሰገነውም የሚነቀፈውም ባስቀረውና ባሳለፈው ነው።

እኛስ በወንፊታችን ምን እናሳልፋለን? አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ቴሌቪዥን ባገራችን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) አንሥተው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውም ዝግጅት ቀጭኔዋን አሻንጉሊት በአማርኛ አናገራት። እንግዲህ የራሳችንን ሳቅ ማደስ እንደሚቻል ታይቷል፤ «አይቻለንም» ማለት ስንፍና ነው።

ሆኖም ወንድሞቼ ሆይ፥ ራሳችንንም እንውቀስ። በአያቶቻችን ጨዋታ ውስጥ በዕውሩና በጐባጣው፥ በሸክላ ሠሪውና በቀጥቃጩ፥ በባርነት በተሸጠውም ሰው ላይ የሚሳቅ ስንት አለ! በባሕር ማዶዋ ጥቁር ሠራተኛ የተቈጣ ሰው፥ በገዛ ቤቱ እንጀራ በምትጋግረው ልጅ አነጋገር ሲቀለድ ዝም ብሎ ሊሰማ አይገባውም። ያንን ሳናበጥር «ባህላችን ነው» ብለን ብናድሰው፥ የፈረንጁን ነውር በአማርኛ መድገም ይሆንብናል።

ስለዚህ ለሽማግሌው እንዲህ እላለሁ፤ መዝጋት ቀላል ነው፥ ነገር ግን የተዘጋበት ልጅ ከሌላ ቤት ያየዋል። ለጐልማሳውም እንዲህ እላለሁ፤ የልጅ ጨዋታ የሰው ጠባይ መሠረት ነውና አትናቀው። ሁለታችሁም ከልጁ አጠገብ ተቀመጡና አብራችሁ ሳቁ፤ ሥዕሉም ሲያልቅ «ልጄ፥ በማን ሳቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «በጉልበተኛው» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ «በደካማው» ካለ ግን ሳቁን ከማን እንደ ተማረው አስቀድማችሁ በገዛ ቤታችሁ ፈልጉ።